ከበሩ እስከ ማሳው መሀል

ሪታየር ባደረግሁ ማግስት ባለቤቴ ጽጌ የአየር ሁኔታ የሚናገረውን አፕ ከስልኬ ላይ አጠፋችው። ከእንግዲህ ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ትይዛለህ፣ በቃ፣ አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር እህል ወደ አፌ ሳስጠጋ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ውርጭ ይመጣ ይሆን? ነፋሱ ይበረታ ይሆን? በረዶ ያዘለው ደመና ወዴት እየሄደ ነው? ቴምፕል በሚባለው የካልጋሪ ሰፈራችን ያሉ ጎረቤቶቼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ደመና ሲያዩ ደመና ነው የሚያዩት፤ እኔ የሚታየኝ የሰው ማሳ ነው። አፑን በማግስቱ መልሼ ጫንኩት። ጽጌ እንዳታይብኝ ከባንኩና ከካርታው ኋላ ደብቄዋለሁ።

ጭንቀታም ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ። ሥራዬም አላገዘኝም። ገበሬዎች የትኛውን የካኖላ ዝርያ እንደሚዘሩና አረሙን በምን መድኃኒት እንደሚገድሉ መምከር ነበር እንጀራዬ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ አግሮኖሚስት ነኝ ስላቸው ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ጁላይ ላይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ፎቶ የምትነሡበት ቢጫ አበባ አለ አይደል፣ እሱ ነው ስላቸው ግን ሁሉም ያውቁታል። የሠርግ ፎቶ የተነሡበትም አሉ። እኔ ሙሽሮቹን ትቼ ከኋላቸው ያለውን አረም ሳይ ጽጌ በክርኗ ትጎስመኛለች።

በወጣትነቴ አርሲ ውስጥ የምሠራው ጎመን ዘር ላይ ነበር። ካኖላ የጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ዕውቀቱ አብሮኝ መጥቷል፣ ካናዳ መጥቼ ካልጋሪ ስደርስ ግን ማን ይጠይቀኛል! ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ሆንኩ። ደመወዙ ሬንት ይከፍላል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። መጋዘኑ የሚያስተላልፈው ዕቃ አብዛኛው የእርሻ ነበር፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ-አረም። አንድ ቀን የጫንኩት ከረጢት ተቀድዶ ዘሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ፍሬ በጣቴ ሳሽ፣ ዘሩን ሊወስዱ የመጡት ሽማግሌ ቆመው ያዩኛል። ይሄን ታውቀዋለህ እንዴ አሉኝ። ዘመዱን አውቀዋለሁ አልኳቸው። ሳቁና ቢዝነስ ካርዳቸውን ሰጡኝ።

ዋልተር ይባሉ ነበር። ከከተማው በስተምሥራቅ በሚገኝ የእርሻ ዕቃ መደብር ውስጥ ዋናው አግሮኖሚስት ነበሩ። እዚህ አገር አንቱ የለም፣ አለቃህንም ሕፃኑንም «ዩ» ነው የምትለው። ሚስተር ስላቸው ይቆጡ ነበር። እኔ ግን በልቤ አንቱ እንዳልኳቸው አለሁ፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ሥራውን ከዋልተር ነው የተማርኩት። ገበሬ የመኪናቸውን መስኮት ተደግፎ ሲጠይቃቸው አይመልሱም። ይወርዳሉ፣ ይንበረከካሉ፣ አንድ ተክል ከነሥሩ ይነቅላሉ። ከኋላ ኪሳቸው የአትክልት መቀስ አይጠፋም ነበር፤ አጨዳ ሲደርስ የካኖላውን ግንድ ከሥሩ ቆርጠው ውስጡ ጠቁሮ እንደሆነ ያያሉ። ጥቁሩ ከበዛ የዝርያው በሽታ የመቋቋም አቅም ተሸንፏል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ዙር ያንን ዝርያ አያስዘሩም። «ይመስለኛል» የምትለውን ቃል አይወዷትም ነበር። እኔ ይመስለኛል ስል «እስቲ ሄደን እሱን እንጠይቀው» ይሉኛል። እሱ ማለት ተክሉ ነው።

ከልማዳቸው ሁሉ የወረስኩት ትልቁ ግን «መቀባት» የሚሉት ነበር። ምን እንደሆነ ለመናገር ስለ መድኃኒቶቹ ትንሽ ማውራት አለብኝ።

ካኖላ ልጅ እያለ አረም ካነቀው አያገግምም። ስለዚህ መድኃኒቱ በቆመው ሰብል ላይ ይረጫል፤ አረሙ እንዲሞት፣ ሰብሉ እንዲተርፍ። ሰብሉ የሚተርፈው ዝርያው ለዚያ መድኃኒት ተብሎ የወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ወገኖች አሉ፤ አንዱ ግላይፎሴትን ይችላል፣ ሌላው ግሉፎሲኔትን። ስማቸው ስለሚያምታታ ዋልተር ቅጽል አውጥተውላቸው ነበር። የመጀመሪያው ገድሎ እስኪታይ ከሳምንት በላይ ስለሚቆይ ዘገምተኛው፣ ሁለተኛው በሁለት ሦስት ቀን ቅጠል ስለሚያቃጥል ችኩሉ። ያለ ወገኑ ከረጨኸው አረሙንም ሰብሉንም አብረህ ትቀብራለህ፣ ማርከሻም የለው። በዓይን ደግሞ አይለዩም፤ ሁለቱም ያው አረንጓዴ ቅጠል ናቸው።

ገበሬ ይረሳል፣ መሬት በሰው መሀል ይዘዋወራል፣ ወሬ ይሳሳታል። ስለዚህ ዋልተር የተዘራው ነገር ባጠራጠራቸው ቁጥር በእጅ የሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው በማሳው በር ገባ ይሉና የጠረጴዛ ስፋት የምታህል ቦታ ላይ ችኩሉን ይረጫሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሰው ያያሉ። ካኖላው ከቆመ የችኩሉ ወገን ነው፣ ከተቃጠለ የዘገምተኛው። መቀባት ይሏታል። እሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ስታሳስት አላየሁም። እሳቸው ሪታየር ሲያደርጉ ጠርሙሱንም ልማዱንም ተረከብኩ።

ክረምት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ወቅት ነው። ውጪው በረዶ ሆኖ ገበሬው ቤቱ ቁጭ ሲል እኛ የዝርያ መግለጫ ይዘን እንዞራለን። ቶሎ ይደርሳል ወይስ ይዘገያል? ውርጭ ሳይቀድመው ያፈራል? ፍሬው ነፋስ ሲመታው ይረግፋል ወይስ ማጨጃው እስኪመጣ ይታገሣል? ካኖላን የሚያጠቃው የሥር በሽታ አካባቢው ደርሷል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማሳህ ላይ ያለው አረም ምንድነው? ምርቱ ከፍተኛ የሆነውን ዝርያ መምረጥ ማንም ይችላል። አረሙን ሳታውቅ ከመረጥክ ግን ለጎረቤትህ መሳቂያ ትሆናለህ።

የመጨረሻው የሥራ ክረምቴ ላይ በኬን ወጥ ቤት ተቀምጬ የተከራከርኩት በዚሁ ነው። ኬን በእኔ ዕድሜ የሚሆን ገበሬ ነው፣ ከከተማው በስተምሥራቅ አንድ ትልቅ ማሳና አንድ ትንሽ ማሳ ካኖላ ይዘራል። ሚስቱ ዶና ከብቱንም ቤቱንም ይዛለች። ኬን ለብዙ ዓመት የዘገምተኛውን ወገን ብቻ ሲዘራ ኮሺያ የሚባለው አረም መድኃኒቱን ለምዶት ነበር፤ ረጭቶት ሲያበቃ ኮሺያው ይስቅበታል። እንግዲህ ወገን መቀየር አለብህ፣ ለሁለቱም ማሳ የችኩሉን ዝርያ ግዛ አልኩት። ኬን ግትር ነው። ከአምና የተረፈኝ አሮጌ ዘር አለ፣ እሱን ጣል ልትለኝ ነው? አለኝ። ጣለው አልኩት። አዲሱን ለመግዛት ተስማማ፣ ስለ አሮጌው ግን እሺም እንቢም ሳይለኝ ቀረ። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሜይ ላይ ዘርቶ በጨረሰ በሳምንቱ ኬን ጋራዡ ውስጥ ወደቀ። ስትሮክ ነበር። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተያዘ። ካልጋሪ ሆስፒታል አስገቡት። ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑ ያውቀኛል፣ አፉ ግን ቃል አያወጣም። እጄን በግራ እጁ ጨበጠኝና አልለቅ አለኝ። መኪናዬን ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ እስኪጠፋኝ ድረስ ተረብሼ ነው የወጣሁት።

ዶና ኮሪደር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ቀጥተኛ ሴት ናት፣ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። «ተስ» አለችኝ፤ ተስፋዬ ማለት ለሁሉም ይከብዳቸዋል፤ «ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል እያሉ ነው። የሚመለስበት ነገር ግን ያስፈልገዋል። ትልቁ ማሳ ዘንድሮ ካልሆነ እርሻውን ብቻዬን አልችለውም፣ ለሐራጅ ቤቱ እደውላለሁ። ኬን ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ አይድንም።»  ማሳውን እኔ አየዋለሁ፣ አንቺ እሱን ያዢ አልኳት። 

ያን ሰሞን ካኖላው ቅጠል እያወጣ ነበር፣ ኮሺያውና ሲናሩም አብረውት። መርጨት ያለብን ቶሎ ነው። ግን ምኑን? ኬን የቱን የት እንደዘራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባዶ ከረጢቶቹን እንደ ልማዱ በበርሜል አቃጥሏቸዋል። አሮጌው ዘር ከመጋዘኑ ጠፍቷል፣ ከገዛው አዲስ ዘር ደግሞ ከፊሉ መደብራችን ውስጥ ሳይነሣ ቀርቷል። ስለዚህ አሮጌው የሆነ ቦታ ተዘርቷል። የት?

ዋልተር እንዳስተማሩኝ ሁለቱንም ማሳ በሩ ላይ ቀባሁ። የትንሹ ማሳ ካኖላ ችኩሉን ችሎ ቆመ። የትልቁ ማሳ ግን ተቃጥሎ ጠበቀኝ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ግትሩ ኬን ትንሹ ላይ አዲሱን ሞክሮ ትልቁን በአሮጌው ዘርቶታል። ሰውዬው እንዲህ ነው፣ አይገርምም አልኩ። ለትልቁ ማሳ ዘገምተኛውን አዘዝኩና መርጫ ማሽን ያለውን ዴሪክን ኮል አደረግኩለት። ዴሪክ በክፍያ የሰው ማሳ የሚረጭ ጎልማሳ ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ወሬ አይወድም። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ይጀምራል ተባባልን።

በዚያ ጠዋት ወደ ማሳው እየነዳሁ ሳለ ዶና ደወለች። ከሆስፒታል ነው። ዛሬ ትልቁ ማሳ ይረጫል ብላ ለኬን ስትነግረው ሰውዬው ተነሥቶ ካልተቀመጥኩ ብሎ ታገለ። ከዚያ በግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ክብ መሥራት ጀመረ። ዙሪያውን፣ ዙሪያውን፣ ከዚያ መሀሉን በመዳፉ መታ። ደግሞ ከመጀመሪያው። ነርሷ መሪ መንዳት አምሮት ነው አለች፣ ዶናም እንደዚያ መስሏታል፣ ድምፅዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አይዞሽ፣ ማሽኑ ናፍቆት ነው አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከመንገዱ ማዶ የሌላ ሰው ማሳ ሲረጭ አየሁ። ማሽኑ አጥሩን ታክኮ ዳር ዳሩን ይዞራል። እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ሲዘራም ሲረጭም መጀመሪያ ዳር ዳሩን ዞሮ ይጨርስና መሀሉን ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይሞላዋል። ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን የኬን ክብ ትዝ አለኝ።

ኬን ዳሩን ጠልቶት አያውቅም፣ ግን አያምነውም ነበር። ዳሩ የአጋዘን ራት ነው፣ የተባይ ምሳ ነው ይላል። ቅጠል በሊታው ጢንዚዛ ከዳር ነው የሚገባው፣ አጋዘኑም እንዲሁ። እንግዲህ ጥሩ ዘር ገዝቶ ለአጋዘን የሚያበላ ኬን አይደለም። አሮጌውን ዘር አልጣልኩትም ሊለኝ ነው ለካ! ዳር ዳሩን በአሮጌው ዞሮበት መሀሉን በአዲሱ ሞልቶታል። የማሳው በር ደግሞ ያው ዳር ላይ ነው። እኔ የቀባሁት ለአጋዘን የተጣለውን ነው። ዴሪክ የያዘው ዘገምተኛ ደግሞ መሀሉን ይገድለዋል።

ዴሪክ ጋ ደወልኩ። አያነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ማሽኑ ውስጥ ሲሆን ስልኩን እንደማይሰማ አውቃለሁ። ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ እያልኩ ነው የነዳሁት፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ያለችኝ አንዲት ተስፋ እሱም እንደ ሁሉ ሰው ከዳር መጀመሩ ነበር። ዳሩን እየዞረ ከደረስኩበት ጉዳት የለም። መሀል ከገባ ግን በሄደ ቁጥር የኬን ቤት እየተቆረሰ ይሄዳል።

ስደርስ ዳሩን ጨርሶ መሀሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሄዶበት ሁለተኛውን ሊጀምር እየዞረ ነበር። መኪናዬን በሩ ላይ ክፍቷን ጥዬ ጃኬቴን እያውለበለብኩ ማሳው ውስጥ ሮጥኩ። ዴሪክ አቁሞ ወረደ።

«ላክኸኝ፣ አሁን ደግሞ ታስቆመኛለህ። ምን አይተህ ነው?»

 አንድ አንደበቱ የተያዘ ሰው ብርድ ልብስ ላይ ክብ ሠራ ልበለው? እሱኑ አልኩት። ዴሪክ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ፣ ወደ ማሳው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ኬን ዳሩን በምን እንደዘራ እኔም አላውቅም፣ ግን ኬን ነው፣ ያደርገዋል አለና የማሽኑን ክንፎች አጥፎ ሄደ።

ከመኪናዬ ጠርሙሱን አመጣሁና ወደ መሀል ገባሁ። ሩቅ ነው። እየሄድኩ ሳለ በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ለመቀባት ብዬ ይህን ያህል ገብቼ እንደማላውቅ ልብ አልኩ። ማሽኑ ያልደረሰበት ቦታ መርጬ ችኩሉን ቀባሁ። በዱላ ላይ ቀይ ጨርቅ አሥሬ ተከልኩበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ለጠላቴ አልመኝም። ልክ ከሆንኩ፣ ዴሪክ አንድ ጊዜ የሄደበት ቦታ ይሞታል፣ መድኃኒቱ ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ገና ምንም አይታይም። ከተሳሳትኩ ደግሞ ያለ ምክንያት ነው ያስቆምኩት፣ በየቀኑ አረሙ እየበለጠ ነው፣ ኮሺያው ጉልበቱን ካወጣ ምንም መድኃኒት አይመልሰውም። ሰማዩም ዳመነ። ችኩሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ያለ ፀሐይ እጁ ይደክማል። የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ ሪፖርት ጻፍ አለኝ፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ጻፍኩለት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ርእስ ሲጠየቅ እጄን አውጥቼ ስለ አንድ ማሳ ጸልዩልኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዷ እናት ከኋላዬ «የአንተ ነው እንዴ ማሳው?» አሉኝ። «አይደለም እትዬ፣ የታመመ ሰው ነው።» «ታዲያ ለሰውዬው ነው የምንጸልየው በላ» አሉና ስሙን ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬን የቴምፕልና የሳቫና ሰፈር ሴቶች ጸሎት ውስጥ ገባ።

ጽጌ በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ አላሾፈችብኝም። ስታሾፍብኝ ነው የምረጋጋው፣ ዝም ስትል ይበልጥ ፈራሁ።

ወደ ቀዩ ጨርቅ ስመለስ ከሩቅ ምንም አይታየኝም። እየቀረብኩ ስመጣ ቡናማ ነገር አየሁ። ተንበረከክሁ። የተቃጠለው ኮሺያው ነው። ሲናሩ ጫፉ ነጥቷል። በመሀላቸው ካኖላው እንደ ቆመ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ እንኳ የለም። አንዱን ነቀልኩና ሥሩን አየሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማየት ልማድ ነው። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ማንም ስላልነበረ አላፈርኩም።

ፀሐይ በወጣ ቀን ዴሪክ መሀሉን በችኩሉ ረጨው። አረሙ ትንሽ አልፎ ስለነበር ሁሉም አልሞተም፣ ግን ካኖላው ቀደመው። ዴሪክ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ የሄደበት መስመር ግን ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ወየበ፣ ከዚያ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ መሬት ሆነ። ከአውራ ጎዳናው ይታያል። አካባቢው ያለ ገበሬ ሁሉ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዶና በአካል ሄጄ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና የቀረውስ አለችኝ። የቀረው ደህና ነው አልኳት። እንግዲያው ስለዚህኛው ራስህን አትብላ አለችኝ። እኔ ግን ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት።

የሚከነክነኝን ይዤ ዋልተር ጋ ሄድኩ። አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው፣ በዊልቸር ነው የሚሄዱት፣ አእምሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። እንዴት ነው እርስዎን በሩ ላይ መቀባት አሳስቶዎት የማያውቀው? አልኳቸው።

«በሩ ላይ?» አሉኝ። «እኔ የምቀባው መሀል ገብቼ ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ። አንተ ስትመጣ ጉልበቴ ሄዶ ነበር፣ ልጄ። መራመድ ስላልቻልኩ ነው በሩ ላይ የቀረሁት። ያኔ አላሳሳተኝም፣ ዕድሌ ነው።»

 ያን ሁሉ ዓመት የሰው ጉልበት ሕመም እንደ ዕውቀት ተምሬ በደህና እግሬ በር ላይ ስቀባ ኖሬያለሁ። ዋልተር ሊያጽናኑኝ ብለው እጄን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ አሉ። 

ጁላይ ላይ ማሳው አበበ። ያን ሳምንት ኬን ከሆስፒታል ወጣ፣ ዶና ደግሞ ወደ ቤት ከማስገባቷ በፊት ማሳው ጋ ይዛው መጣች። እኔንም ጠርታኝ ነበር። እንዳልሄድ ሰበብ ስፈልግ ጽጌ ናት ጫማዬን አምጥታ በሩ ላይ ያስቀመጠችው።

ኬን ከፊት ወንበር ላይ ነው፣ መስኮቱ ተከፍቷል። በጣም ከስቷል። ማሳው ዓይን እስኪያጥበረብር ቢጫ ነው፣ ንቡ ይጮሃል፣ በመሀሉ ግን ያ ባዶ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኬን ከቢጫው በፊት እሱን ነው ያየው። ሲያየው ሲያየው ቆየ። እኔ ከመኪናው ውጪ ቆሜያለሁ። ከዚያ ግራ እጁን አነሣ፣ ወደ መስመሩ ጠቆመ፣ ወደ እኔ ጠቆመ። አፉን አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ዶና ልትረዳው ስትል በእጁ ከለከላት።

«አጋዘን» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበና፣ «መንገድ» ጨመረበት።

የአጋዘን መንገድ ሠራህላቸው ማለቱ ነው። ዶና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልታወቀኝም። ከወደቀ ጀምሮ ሁለት ቃል ሲያገናኝ የመጀመሪያው ነበር። ኬን ደረቱ እስኪነቀነቅ ሳቀ፣ ሳቁ በግማሽ ፊቱ ብቻ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም መጣ፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

በመከር ማሳው ጥሩ ሰጠ። ሐራጅ ቤቱ አልተደወለለትም። እኔ በዚያው ፎል፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ሪታየር አደረግሁ፣ መደብሩ ኬክ ቆረሰልኝ፣ የመደብሩን መኪና መለስኩ። ጠርሙሷን ግን አልመለስኩም፣ ጋራዤ ውስጥ ናት።

ዘንድሮ ማርች ላይ ዶና ደወለችልኝ። ጽጌ ስልኩን አየችና ማንም ሳይነግራት ማን እንደሆነ አወቀች። ዶና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዝርያ እየመረጥን ነው አለችኝ። ከኋላዋ የኬን ድምፅ ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ ግን ይናገራል። ዳሩም መሀሉም አንድ ዘር ነው በለው ይልሃል አለችኝ፤ ለአጋዘኖቹም አዲሱን ገዝቶላቸዋል።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ከዚያ ትንሽ አሰብኩ። ኬን ኬን ነው።

«ቢሆንም ጁን ላይ መጥቼ መሀል ድረስ እገባለሁ» አልኳት። «ጉልበቴ ገና ደህና ነው።»